ባለቤት ያጣው ሰባት ቁጥር

እኔ ፍረወይኒ ሰው ሲያረፍድ አልወድም። በክር ፋብሪካው የጠዋት ፈረቃ ተቆጣጣሪ ሆኜ አምስት ዓመት ስሠራ፣ ከፉጨቱ በኋላ በር ላይ የደረሰች ሠራተኛ ወይ እግሯ ተሰብሯል ወይ እኔ ታምሜ ቀርቻለሁ። ስለዚህ በ1961 ዓ.ም. አሥራ ሁለት ቤተሰቦች ሆነን ማይ ጭሆት ዳር ቤት ልንሠራ ስንማማል፣ ስም ጠሪ ማን ይሁን የሚል ጥያቄ እንኳ አልተነሣም። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ባሌ ሃብተሚካኤል ብቻ መሬት መሬቱን አየ፤ ከእኔ ጋር የሚኖር ሰው ስለሆነ የሚመጣውን ያውቃል።

የምንኖረው ኣስመራ፣ ኣባ ሻውል ሰፈር ውስጥ በአንዲት ክፍል ነበር። ክፍሏ አልጋችንን፣ ሳጥናችንን፣ ሁለት መንታ ሕፃናትንና የሃብተሚካኤልን ብስክሌት ይዛለች። ብስክሌቱ ሲገባ ከሰዎቹ አንዱ መውጣት ነበረበት። ትልቋ ልጃችን ኣምለሰት፣ መንታዎቹ ከተወለዱ ጀምሮ፣ ደቀምሓረ አጠገብ ባለችው መንደራችን እናቴ ዘንድ ናት። ያን ጊዜ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ስድስት ሞልቷታል። ለበዓል ስትመጣ እናቴን "ኣደይ"፣ ማለት እማዬ ትላታለች፣ እኔን ግን እንደ ጎረቤት በስሜ ትጠራኛለች። አልቆጣትም፤ ምን አፍ አለኝና። በልቤ ግን ቃል ገብቻለሁ፤ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጄ ከእኔ ቤት ተነሥታ፣ እኔ ጸጉሯን ሠርቼላት ትመዘገባለች። ለዚህ ሁለት ክፍል ያስፈልገኛል። ከዚያ በተረፈ ዓለም ብትገለበጥ ግድ አልነበረኝም።

ነገሩ የተያዘው እንዲህ ነው። መሬቱን የሰጠን ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ግድግዳውን የሚያቆመው ገረዝጊሄር ነው፤ ከጣልያኖች ሥር ሙራቶሪ፣ ማለት ግንበኛ ሆኖ ያደገ፣ አሁን የራሱን ብሎኬት የሚያመርት፣ ሆዱም ሥራውም የሰፋ ሰው። ዋጋውን በግማሽ ያህል የቀነሰልን ወዶ አይደለም፤ መሠረት የምንቆፍረው፣ አሸዋ የምንሸከመው፣ ሲሚንቶ የምናቦካው፣ ቆርቆሮ የምንመታው እኛው ስለሆንን ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ደግሞ አጭርና ደረቅ ነበር። አሥራ ሁለት ቤት፣ ሁሉም ባለ ሁለት ክፍል፣ ሁሉም ስድስት ሜትር በስድስት ሜትር፣ ሁሉም እኩል። በአሥራ ሦስተኛው ቦታ ላይ የጋራ አዳራሽ። እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ጣሪያ ያልለበሰ ወይም ከፕላኑ የወጣ ነገር ከተገኘ መሬቱ ይመለሳል። ይህንኑ መሬት ለጋራዥ ፈልጎ ማመልከቻ ያስገባ አንድ ባለጠጋ እንዳለም ሁላችንም ሰምተናል። ሰውየው በየሳምንቱ በማኪናው መጥቶ፣ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ፣ እንዴት ዋላችሁ ይለናል። እግዚአብሔር ይመስገን እንላለን።

ሊቀ መንበራችን ኣቦይ ንጋሲ ናቸው፣ ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ። በመጀመሪያው ስብሰባ ማንኛው ቤት ለማን ይሁን ተብሎ ጫጫታ ሲነሣ ከዘራቸውን ጠረጴዛ ላይ አጋደሙት።

"በአገራችን መሬት የሚከፈለው በዕጣ ነው" አሉ። "ከተማ ስለገባን ሰው አልተለወጠም። ማን የትኛውን እንደሚወስድ ካወቀ፣ የራሱን በሲሚንቶ የጎረቤቱን በጭቃ ይሠራል። ስለዚህ ጣሪያው ሁሉ ካለቀ በኋላ ዕጣ እንጥላለን። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ቤት የሁላችን ነው።"

"እወ፣ ሓቂ ነው" አልን በአንድ አፍ። ብልሃቱን ወደድኩት። እኔም በበኩሌ በውሉ ላይ፣ ዕጣው ከወጣ በኋላ ማንም ማንንም ለሥራ አያስገድድም የሚል አንድ መስመር ጨመርኩ። እንዲህ ያለ ነገር አስቀድሞ ካልተጻፈ ሰው እስከ ልጅ ልጁ ይጎትትሃል ብዬ ነው።

ከጥር ጀምሮ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ በሥራ ቀን ደግሞ ከፈረቃ በኋላ ሠራን። በየቀኑ ቡድኖቹን ከቤት ቤት አዘዋውራለሁ፤ ዛሬ ሦስት ቁጥር ላይ ያቦካ ነገ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ይሸከማል። ያረፈደ ሰው ቅጣቱ ለሁሉም ውሃ መቅዳት ነው። ልብስ ሰፊዋ ኣበበች በየሳምንቱ ታረፍዳለች። በዚያ ዓመት ያቦካነው ሲሚንቶ ሁሉ ኣበበች በቀዳችው ውሃ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። ባልዲውን ተሸክማ በአጠገቤ ባለፈች ቁጥር፣ "እግዚአብሔር የቤት በር ይስጥሽ፣ ቁልፉን ግን ለእኔ ይስጠኝ" እያለች ትመርቀኛለች። ሰው ይስቃል። እኔም ለመሳቅ እየቃጣኝ ስሟን በቀይ እጽፋለሁ።

ከአሥራ ሁለቱ ቤቶች ሰባት ቁጥር የማዕዘኑ ነው። የጠዋት ፀሐይ በፊቱ ይገባል፣ ነፋሱ አያገኘውም፣ ቧንቧው ቅርብ ነው፣ ከደጃፉ የፎርቶ ኮረብታ ወለል ብሎ ይታያል። ቤቱን አይቶ ያላማረው ሰው የለም። ቢሆንም ሁላችንም ዕጣ ዕጣ ነው እያልን ምራቃችንን እንውጥ ነበር።

ለፋሲካ ኣምለሰት መጣች። መሠረቶቹ ተቆፍረው ግንቡ ገና ከጉልበት አልበለጠም። ልጅቷ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትዘል ቆየችና ሰባት ቁጥር ውስጥ ገብታ የኋላው ክፍል ጥግ ላይ ቁጭ አለች። ብትጠራ አልነሣም አለች። "እዚህ ነው የምተኛው" አለችኝ። አሥራ ሁለት ቤት እያለ። የሰማይ ምልክት ማለት ይህ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ሰባት ቁጥር የእኔ እንደሚሆን በዚያች ደቂቃ አወቅኩ። አመንኩ አይደለም፣ አወቅኩ ነው የምለው። እኔ፣ የሌላውን ሰው አሥር ደቂቃ የምቆጥረው ሴትዮ፣ በማግሥቱ ተራዬ ሰባት ቁጥር ላይ ሲደርስ የገረዝጊሄርን ሠራተኛ አታልዬ በኋላው ክፍል ከልጅ ደረት ከፍ የማትል፣ በፕላኑ የሌለች ትንሽ መስኮት አስወጣሁ። ልጄ ቁጭ ብላ ፎርቶን ታይ ዘንድ።

ከዚያ በኋላ ሰባት ቁጥር መለወጥ ጀመረ። በአንድ ሳምንት ወለሉ ላይ ቀይና ቢጫ ማቶኔላ ተነጠፈበት፤ የጣልያኖች ሳሎን ውስጥ ያለው ዓይነት የሚያብለጨልጭ ንጣፍ። በሌላ ሳምንት ግድግዳው ላይ ነጭ የእጅ መታጠቢያ በቀለ። ከዚያ ደጃፉ ቅስት አወጣ። ከዚያ ጥግ ላይ የሎሚ ችግኝ። ገረዝጊሄር ልቡ ራርቶ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ለእኔ ቤት ስለሆነ ደግሞ ለምን እጠይቃለሁ? ኋላ እንደ ገባኝ ሁሉም ያሰበው ይህንኑ ነው። ገረዝጊሄር ደግሞ፣ ሰዎቹ ገንዘብ አላቸው ለካ እያለ በእኛ ይደነቅ ነበር። ለአራት ወር አሥራ ሦስት ሰው በሰባት ቁጥር ፊት ሲያልፍ ሰማይ ሰማዩን ያይ ነበር።

ነሐሴ 12 ቀን የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ አቶ እሸቱ መጡ። ከሸዋ የተላኩ፣ ገና ወጣት፣ ጫማቸው በኣስመራ ክረምት ጭቃ ውስጥ እንኳ የሚያብረቀርቅ ሰው ናቸው። የጨርቅ ሜትር፣ ፕላንና ደብተር ይዘዋል። አሥራ ሁለቱም ቤት ጣሪያ ለብሷል። ከሥራ ፈቃድ ወስደን፣ ታጥበን፣ ሁላችንም ተሰልፈን ጠበቅናቸው። ከአንድ እስከ ስድስት ለኩ፣ ጻፉ፣ "መልካም" አሉ። ሰባት ቁጥር ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ቅስቱን አዩት። ፕላኑን ገልብጠው አዩት። ወደ ውስጥ ገብተው ቆዩ። ውሃ ሲፈስ ተሰማ፤ የእጅ መታጠቢያውን እየሞከሩት ነው።

ሲወጡ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። "ይህ ቪላ የማን ነው?" አሉ።

ሁላችንም ወደ ኣቦይ ንጋሲ ዞርን።

"ደብዳቤው አነስተኛ ዋጋ ላላቸው፣ እኩል ለሆኑ ቤቶች ይላል። ይህን እንዳለ ብጽፈው መሬቱ ይመለሳል። ስለዚህ በመጀመሪያ ልጠይቃችሁ፤ የማን ነው?"

ኣቦይ ንጋሲ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የማንም አይደለም፣ ጌታዬ። ዕጣ አልወጣም።"

"መልካም" አሉ አቶ እሸቱና ደብተራቸውን ከፈቱ። "ባለቤት የሌለው ሕንፃ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል።"

"የኔ ነው" አልኩ።

ብቻዬን አልነበርኩም። አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ትንፋሽ የኔ ነው አለ። ኣቦይ ንጋሲም ብለዋል፣ ኣበበችም ብላለች፣ ከኋላዬም የማውቀውን ድምፅ ሰማሁ። ዞር ብል ባሌ ነው። ከዚያ እርስ በርሳችን ተያየን።

አቶ እሸቱ ደብተራቸውን ዘጉ። "አንድ በአንድ" አሉ።

በመጀመሪያ የተናዘዙት ኣቦይ ንጋሲ ናቸው። ጡረታ ሲወጡ፣ ሌላው ሰው ሰዓት ሲሸለም፣ እሳቸው ለምነው ሁለት አሮጌ የባቡር ሐዲድ ወስደው ነበር። ሁለቱም አሁን የሰባት ቁጥር ጣሪያ ውስጥ ናቸው። "ከላይ ባቡር ቢሄድበት አይነቃነቅም" አሉ፣ ሲያፍሩም ሲኮሩም። ማቶኔላው የኣበበች ነው፤ መጋረጃ ከሰፋችላቸውና ወደ አገራቸው ከተመለሱ ጣልያኖች ያገኘችው። በሕልሟ ሰባት በግ አይታ ነው። የእጅ መታጠቢያው የፀጉር አስተካካዩ የዘርዓይ ነው። ሎሚው፣ የበሩ መዝጊያ፣ የመስኮቱ ፍርግርግ፣ ሁሉም ባለቤት ተገኘለት። ቅስቱ የገረዝጊሄር የራሱ ነው። "ፎቶ አንሥቼ ለሌላ ደንበኛ ላሳይበት ነበር" አለ ላቡን እየጠረገ፣ "ሌላውን ግን እኔ አልነካሁም፣ ማርያምን።"

ሃብተሚካኤል እጁን አነሣ። "የሽንት ቤቱን ጉድጓድ በእጥፍ የቆፈርኩት እኔ ነኝ።"

"ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"ስም ጠሪዋ አንቺ ነሽ። ትቀጪኛለሽ ብዬ።"

ያን ጊዜ የመጀመሪያው ሳቅ ፈነዳ፤ ማን እንደጀመረው አላውቅም። አቶ እሸቱ ከንፈራቸውን ነክሰው ለመቻል ሞከሩ። "አንዲት ነገር ብቻ ቀረች" አሉ። "በኋላው ክፍል ያለችው ዝቅተኛ መስኮት ለምንድን ናት? ለውሻ?"

"ለልጄ ናት" አልኩ። "ገጠር ነው ያለችው። ቁጭ ብላ እንድታይበት ነው።"

ወራት ሙሉ ቅጣት በቀይ ቀለም የጻፍኩባቸው ሰዎች ሁሉ አዩኝ። ኣበበች ባልዲ በሌለበት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "ሰባት ወር ውሃ ያስቀዳሽኝ አንቺ ነሽ?" አለች። ከዚያ የሆነውን ልነግራችሁ አልችልም። ኣቦይ ንጋሲ ከዘራቸው ወደቀ። ገረዝጊሄር ሆዱን ይዞ ግድግዳ ተደገፈ። አቶ እሸቱ በሚያብረቀርቀው ጫማቸው አሸዋ ክምር ላይ ተቀምጠው እንባቸውን በፕላኑ ጠረጉ። እኔም ሳቅኩ፣ እንደዚያ ስስቅ ከልጅነቴ ወዲህ አላስታውስም።

ሲበርድላቸው አቶ እሸቱ የረጠበውን ፕላን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። "እኔ እናንተን ለማባረር አልመጣሁም" አሉ። "ግን ያላየሁትን አየሁ፣ ያየሁትን አላየሁም ብዬ አልፈርምም። አዳራሹን ለምን አልሠራችሁም?"

"አቅም አለቀብን" አለ ገረዝጊሄር።

"ቤቶቹ እኩል ይሁኑ ይላል። አዳራሹ ቅስት አይኑረው፣ ማቶኔላ አይኑረው፣ የሎሚ ዛፍ አይኑረው የሚል ግን አላየሁም።" ጣታቸውን ሰባት ቁጥር ላይ አስቀመጡ። "ይህ አዳራሽ ይሁን። ለአዳራሽ የታሰበው አሥራ ሦስተኛው ቦታ የመኖሪያ ቤት ይሁን። ይህን ማሻሻል በእኔ ሥልጣን እችላለሁ። ቀኑን ግን ማራዘም አልችልም። እስከ ጳጉሜ አምስት አሥራ ሁለተኛው ቤት ጣሪያ ለብሶ ካላየሁ፣ የአሥራ አንዱም ፈቃድ አይጸድቅም። አሁን ስም ከቁጥር ጋር ልጻፍ።"

ለደስታችን ልክ አልነበረውም፣ ኣቦይ ንጋሲ ቀስ ብለው እስኪቆጥሩ ድረስ። አሥራ ሁለት ቤተሰብ፣ አሥራ አንድ ቤት።

ዕጣ እንደ አገራችን ደንብ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ትንሽ ምልክት ይጥላል፤ የማን ምን እንደሆነ የማያውቅ መንገደኛ ያወጣል። በመንገዱ የበለስ ሻጭ ሴት ቅርጫቷን ተሸክማ ስታልፍ ጠራናት። በመጀመሪያ በለስ ካልገዛችሁ አላወጣም አለች። አሥራ ሁለት ቤተሰብ፣ ገረዝጊሄርና አቶ እሸቱ፣ ጾም ነው እያልን እሾኹን እየነቀልን በለስ በላን፤ በለስ ጾም አይሽርም። በኣቦይ ንጋሲ ቆብ ውስጥ ዘርዓይ ማበጠሪያ ጣለ፣ ኣበበች የጣት መከላከያዋን፣ እኔ ከኣምለሰት ቀሚስ የወደቀ ሰማያዊ ቁልፍ።

"ምን ይደርሰዋል ለወጣለት?" አለች በለስ ሻጯ።

"ቤት።"

"ለእኔም አንድ ነገር ልጣልበት?" አለችና እየሳቀች እጇን ከተተች። አንድ ቁጥር፣ ማበጠሪያ። ሁለት ቁጥር፣ የኣቦይ ንጋሲ የደንብ ልብስ ቁልፍ። በወጣ ቁጥር እልልታ ነው። ኣበበች ዘጠኝ ቁጥር ሲደርሳት አቶ እሸቱን ልትስማቸው ነበር፣ በደብተራቸው ተከላከሉ። አሥራ ሁለት ቁጥር ሲወጣ ቆቡ ውስጥ ሰማያዊ ነገር ብቻ ቀረ። ሴትዮዋ አነሣችው። "ይሄስ የማን ነው?"

"የኔ ነው" አልኩ። አሁን ብቻዬን ነበርኩ።

የቀረኝ ሃያ ሦስት ቀን ነው። ክረምቱ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። እናቴ በዘመን መለወጫ ልጅቷን ይዛ እንድትመጣ ልኬባታለሁ፣ ምዝገባው ደግሞ ወዲያው በሳምንቱ ነው። ኣቦይ ንጋሲ ቀርበው አንድ ነገር ሊሉኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኳቸው። "ግዴታው ዛሬ አልቋል፣ ኣቦይ። ውሉ ላይ ተጽፏል። የእኔን እኔ እሠራዋለሁ" አልኩ። ለምን እንዲህ አልኩ? ከባልዲውና ከቀዩ ቀለም በኋላ ለመለመን አፍ ስለሌለኝ ነው። ሰው ባይኮራ ኖሮ ግማሹ መከራው ይቀርለት ነበር።

በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን እኔና ሃብተሚካኤል ብቻችንን ቆፈርን። ጎረቤቶቻችን ዕቃቸውን በጋሪ ሲያስገቡ፣ በር ሲከፍቱና ሲዘጉ እንሰማለን። በሦስተኛው ቀን የመጣው ዝናብ የቆፈርነውን በሙሉ ሞላው። ሃብተሚካኤል ውሃውን በጣሳ ይጨልፍ ጀመር። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ልጄን አሰብኳት፤ እንደገና አውቶቡስ ላይ ሳሳፍራት፣ በመስታወቱ ውስጥ ሳታለቅስ እጇን ስታውለበልብልኝ። አለማልቀሷ ነበር የሚገድለኝ።

"ስም አልጠራሽም" አለኝ ከኋላዬ ድምፅ። ኣበበች ናት። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ሁሉ ቀድማ መጥታለች።

"ግዴታ የለባችሁም። ውሉ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"እኔ ማንበብ አልችልም" አለች ኣበበች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ ጣሳውን ከባሌ እጅ ተቀበለችው። "ማንበብ የማይችል ሰው ደግሞ በተጻፈ አይታሰርም። ተነሽ።"

ከኋላዋ ዘርዓይ አካፋ ይዞ ይመጣል። ኣቦይ ንጋሲ ከዘራቸውን ትተው ዶማ ተደግፈዋል። የቀሩትም ሁለት ቀን እስክጠራቸው ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ሳልጠራ ብቀር ታመመች ብለው መጡ። ከሰዓት በኋላ ገረዝጊሄር በካሮሳ፣ በፈረስ ጋሪ ብሎኬት አመጣና የቅስቱ ካሳ ነው አለ። ስሙን በጥቁር ቀለም ጻፍኩት።

ከዚያ በኋላ ግን ሌላ መከራ መጣ። ባለቤቱ ሲታወቅ ሰው በጭቃ ይሠራል ያሉት ኣቦይ ንጋሲ ተሳስተው ነበር። የቤቱ ባለቤት እኔ መሆኔን ስላወቁ ሁሉም ስጦታ ሊያስገቡብኝ ተነሡ። ኣበበች ከሰባት ቁጥር የተረፉ አራት ማቶኔላዎች ከቀሚሷ ሥር ደብቃ ስትገባ በር ላይ ያዝኳት። ዘርዓይ መስታወት ሊተክል ሞከረ። ገረዝጊሄር፣ "ትንሽ ቅስት፣ በዓይን የማትታይ" እያለ ለመነኝ። ኣቦይ ንጋሲ ሦስተኛ ሐዲድ የት እንዳለ እንደሚያውቁ ሹክ አሉኝ። እኔ አጣና ይዤ በደጃፉ ላይ ቆምኩ። "ቪላ አልፈልግም፣ ልጄን ነው የምፈልገው" እላለሁ። "በእግዚአብሔር፣ እንደናንተው ድሀ አድርጋችሁ ሥሩልኝ።" ዝናቡ ሲመጣ ሸራ ወጥረን ከሥሩ እንለስናለን፤ ሻሂ ይመጣል፤ የሰው ሳቅ እስከ ፌርማታው ይሰማል። ጋራዥ የፈለገው ባለጠጋ አንድ ቀን መጥቶ መስታወቱን ዝቅ አደረገ፣ አሥራ ሁለት ቤተሰብ በአንዲት ሸራ ሥር ተጣብቆ ሲያፏጭ አየና እንዴት ዋላችሁ ሳይል ሄደ።

ጳጉሜ 5 ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የመጨረሻው ቆርቆሮ ተመታ። አቶ እሸቱ በሦስት ሰዓት መጡ። አሥራ ሦስት ቁጥርን በዝናብ ውስጥ ለኩት፤ ወርዱን፣ ቁመቱን፣ እንደገና ወርዱን። ሜትሩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

"በሁለት ጣት በልጧል" አሉ።

ማንም አልሳቀም። ገረዝጊሄር አንገቱን ደፋ። አቶ እሸቱ አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ከኋላዬ ወደ ቆሙት ጭቃ የለበሱ ሰዎች አዩ። ከዚያ የጨርቅ ሜትራቸውን ጨመቁት፣ ውሃ ጠብ አለ።

"ጨርቅ ሲረጥብ ይኮማተራል" አሉ። "ስለዚህ የበለጠው ቤቱ አይደለም። ስድስት በስድስት።" ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ማኅተሙን በትንፋሻቸው አሙቀው መቱት። "የቐንየለይ" ብዬ አመሰገንኳቸው በእኛ ቋንቋ፤ በአማርኛው ቃል አጠረኝ። "ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ እመቤቴ" አሉኝ። ኣበበች ግን በዚህኛው ቀን ደብተራቸው አላዳናቸውም፤ ግራና ቀኝ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው።

በዘመን መለወጫ ዕለት እናቴና ኣምለሰት ከደቀምሓረ አውቶቡስ ወረዱ። ሰፈሩ ሁሉ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው፤ አቶ እሸቱ እንኳ አላፊ መስለው በዚያ በኩል ሲሄዱ አየኋቸው። ልጄን በእጇ ይዤ አስገባኋት። ፊተኛውን ክፍል አሳየኋት፣ የኋላውን አሳየኋት፣ ግድግዳው ገና እርጥብ እርጥብ ይሸታል። እሷ በአዲሱ አልጋ ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ቁጭ አለች። ትንሿን የጨርቅ ጥቅልሏን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ልትፈታው አልፈለገችም።

"ለምን አትፈቺውም?" አልኳት።

"ስንት ቀን ነው የምቀመጠው?"

"ቀን የለውም" አልኩ። "ትምህርት ቤት ትገቢያለሽ። እዚሁ ነው የምትኖሪው። እስክታገቢ ድረስ።"

ኣምለሰት ግንባሯን ቋጠረች። ጥቅልሏን አየች፣ እኔን አየች። ሰው ሲያጠፋ እኔ የማደርገውን ፊት አደረገች።

"አስቀድመሽ ለምን አልነገርሽኝም?" አለችኝ። "ሁለተኛውን ቀሚሴንም አመጣው ነበር።"